ጠበቃዬ ጉዳዬን ችላ ብሎታል፦ ስለ ጠበቆች የዲሲፕሊን ተጠያቂነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠበቃው ጉዳይዎን ችላ ካለው የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ጉዳዩ ራሱ ይተርፋል ወይ? የከፈሉትና የከሰሩት ይመለሳል ወይ? ጠበቃውስ በፈቃዱ መሥራቱን ይቀጥላል ወይ? የመጀመሪያውን የሚመልሰው ጉዳዩን የያዘው ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለተኛውን በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ይመልሰዋል፤ የዲሲፕሊን አካል ዋና ሥራው ሦስተኛው ነው። ሰው ግን ተናዶ ብዕር ሲያነሣ ሦስቱንም በአንድ ደብዳቤ ያጭቃቸዋል፤ ከዚያም አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቶለት እንኳ ቅር ብሎት ይመለሳል። ሥርዓቱ ከአገር አገር ስለሚለያይ ምሳሌዎቹ ከተለያየ ቦታ የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመቶቹም እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠበቃዬ ስልክ አያነሣም። ይህ ብቻውን ያስቀጣዋል?

አንድ ሳምንት ከሆነ አይመስለኝም። ችሎት ውሎ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ ወይም አዲስ ነገር ስለሌለ «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር ከሞላውና በመሃሉ ቀጠሮ ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለ ጉዳዩ ለደንበኛ ማሳወቅ ከትጋት ግዴታ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1983 ባወጣው አርአያ የሥነ ምግባር ደንብ ትጋት በቁጥር 1.3፣ ለደንበኛ ማሳወቅ ደግሞ በቁጥር 1.4 ለየብቻ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሥራውን በወጉ እየሠራ ለደንበኛው ምንም ሳይነግረው የሚቆይ ጠበቃም ሊጠየቅ ይችላል።

በተግባር ግን ሁለቱ አብረው ነው የሚገኙት። ስልክ የማያነሣ ጠበቃ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸው ሰውየውን ሳይሆን «ጉዳዬ ምን ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ መልስ የለውማ።

ደጋግሞ ከመደወል ይልቅ በጽሑፍ ይጠይቁ። አጭር ይሁን፤ መዝገቡ አሁን በምን ደረጃ ላይ ነው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው፣ ከእኔ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ፣ እስከዚህ ቀን መልስ እጠብቃለሁ። ደብዳቤም ሆነ ኢሜይል ወይም የስልክ መልእክት፣ የተላከበት ቀን እስከታየ ድረስ ይጠቅማል። መልስ ከመጣ ችግርዎ ተቃለለ። ካልመጣ ያ ያልተመለሰ ጽሑፍ ለአቤቱታው የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል።

«ችላ ማለት» የሚባለው ምን ዓይነት ጥፋት ነው? ማንኛውም ስሕተት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። በ1969 የወጣው የአሜሪካ ጠበቆች የሥነ ምግባር ሕግ ጠበቃ በአደራ የተሰጠውን የሕግ ጉዳይ ችላ እንዳይል ይከለክል ነበር። «ችላ ማለት እስከ የት ድረስ ነው?» የሚለው ሲያከራክር፣ የማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በ1973 በሰጠው አስተያየት መለኪያውን አስቀመጠ፦ ለደንበኛው የገባውን ግዴታ ግድ ሳይሰጠው ደጋግሞ አለመወጣት፣ ወይም ግዴታውን እያወቀ መናቅ። አንድ ጊዜ በቅን ልቦና የተፈጸመ መዘንጋት ብቻውን እዚህ ውስጥ አይገባም። የ1983ቱ ደንብ አባባሉን ለውጦ ጠበቃ «በተገቢ ትጋትና ቅልጥፍና» እንዲሠራ ስለሚያዝ ጠበቅ ያለ ነው፤ ያም ሆኖ ዲሲፕሊን የሚያዩ ሰዎች ዓይናቸው የሚያርፈው በተደጋገመው ላይ ነው።

በአቤቱታዎች ላይ የሚታዩት ጥፋቶች እምብዛም አዲስ አይደሉም። ክስ ሳይመሠርት ይርጋው (በሕግ የተወሰነው የመክሰሻ ጊዜ) ያልፋል። ለክሱ መልስ ሳይሰጥ ይቀርና ጉዳዩ ተከሳሹ በሌለበት ይታያል። በቀጠሮ ቀን አይገኝም፤ መዝገቡ ይዘጋል። ፍርድ ተሰጥቶ ሳለ ለደንበኛው ሳይነግረው የይግባኝ ጊዜው ያልቃል። አንድ ብዙም የማይወራለት ደግሞ አለ፤ ጠበቃው አሸንፎ ካስፈረደ በኋላ አፈጻጸሙን ይተወዋል፤ ደንበኛው ፍርዱን በወረቀት ይዞ ይቀራል።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለው መከላከያ አይሆንም። እንዲያውም ጠበቃ እያንዳንዱን ጉዳይ በብቃት ሊይዝ በሚችለው መጠን ብቻ ሥራ መቀበል አለበት የሚለው ከትጋት ግዴታው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ከሚችለው በላይ መዝገብ የሰበሰበ ሰው ጥፋቱ የጀመረው ቀጠሮውን የረሳ ዕለት አይደለም፤ ውሉን የፈረመ ዕለት ነው።

በጉዳዬ ተሸንፌያለሁ። አቤቱታ ላቅርብ?

ስለተሸነፉ ብቻ ከሆነ አያቅርቡ። ጠበቃ ውጤት ሊያረጋግጥልዎ አይችልም። የትኛው ምስክር ይቅደም፣ የትኛው ክርክር ይተው የሚለው የሙያ ፍርድ ነው፤ እርስዎ የማይስማሙበት ቢሆንም ቸልተኝነት አይባልም። ፍርድ ቤቱ ራሱ ቀጠሮ ሲያራዝም የሚባክነው ጊዜም የጠበቃው ዕዳ አይደለም።

ቀጠሮ አልፎ መዝገቡ ተዘግቷል አሉኝ። አሁን ምን ላድርግ?

አቤቱታውን ለጊዜው ይርሱት። የጠበቃው ጥፋት ለሚቀጥለው ሳምንት ቢቆይ አይጠፋም፤ መዝገብ የማስከፈቻ ወይም የይግባኝ ጊዜ ግን በቀን የሚቆጠር ነው።

መጀመሪያ ራስዎ ሬጅስትራር ዘንድ ሄደው መዝገቡን ይዩ፤ ሌላ ሰው የነገረዎትን አይመኑ። መቼ ተዘጋ፣ በምን ምክንያት፣ መጥሪያው ለማን ደረሰ፣ የመጨረሻው ትእዛዝ ምን ይላል? የትእዛዙን ግልባጭ ይውሰዱ። ከዚያ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሌላ ጠበቃ ያማክሩ፤ የሚጠይቁትም «ያኛውን ጠበቃ እንዴት ልቅጣው» ብለው ሳይሆን «መዝገቡን ለማስከፈት ስንት ቀን ቀረኝ» ብለው ይሁን።

እንዲህ የምጣደፈው ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት መርሕ ለደንበኛ የሚያዝን ስላልሆነ ነው። የጠበቃ ጥፋት የደንበኛ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ወኪሉን የመረጠው እሱ ነውና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 የፈረደበት የባቡር አደጋ ክስ ለዚህ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። የከሳሹ ጠበቃ ዳኛው ለቅድመ ክርክር በጠሩት ቀን ሳይገኝ ቀረ፤ ስድስት ዓመት የቆየው ክስ በዚያው ቀን ተዘጋ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ደንበኛው በፈቃዱ የመረጠው ጠበቃ ካደረገው ነገር ማምለጥ አይችልም ብሎ አጸናው። እኔ በበኩሌ ከተቃወሙት ዳኞች ጋር ነኝ፤ ባላጠፋው ነገር የከሰረው በአደጋው የተጎዳው ሰው ነው። ሕጉ ግን እስከ ዛሬ ከሞላ ጎደል እዚያው ነው።

በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። በ2010 ያው ፍርድ ቤት የፍሎሪዳ የሞት ፍርደኛ ጉዳይ ቀረበለት። እስረኛው ጊዜው እንዳያልፍ ለጠበቃው ደጋግሞ ጽፏል፤ መከተል ያለበትን የሕግ ድንጋጌ ሳይቀር ጠቅሶለታል፤ ጠበቃው እንዲነሣለት ፍርድ ቤት ለምኗል፤ ለግዛቱ የጠበቆች ማኅበርም አመልክቷል። ሰሚ አላገኘም። ጊዜው ማለፉን ያወቀው በእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ ወዲያውኑ አቤቱታውን በገዛ እጁ ጽፎ ላከ፤ አምስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ። ፍርድ ቤቱ ተራ ቸልተኝነት ጊዜ አያስረዝምም፣ እንዲህ ያለ ከልክ ያለፈ ጥፋት ግን ሊያስረዝም ይችላል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከአላባማ ተመሳሳይ ጉዳይ መጣ። ሁለት ጠበቆች ለደንበኛቸውም ለፍርድ ቤቱም ሳይናገሩ መሥሪያ ቤታቸውን ለቀዋል፤ ከፍርድ ቤቱ የተላኩት ፖስታዎች ሳይከፈቱ ተመልሰዋል፤ የ42 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ አልፏል። በ7 ለ2 ድምፅ፣ ጥሎ የሄደ ወኪል የሠራው ደንበኛውን አያስርም ተብሎ ተወሰነ።

ሁለቱንም ያዳናቸው ነገር ሳያምታቱ ማስረዳት መቻላቸው ነው። የመጀመሪያው በተለይ በደብዳቤዎቹ ቅጂ ነው የቆመው።

ጠበቃዬን አሰናብቼ ፋይሌን መውሰድ እችላለሁ?

አዎ፤ ደንበኛ ጠበቃውን በፈለገ ጊዜ ማሰናበት ይችላል። ስንብቱን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ውክልናውን ይሻሩ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ካለ ለችሎቱም እንዲደርስ ያድርጉ፤ አለበለዚያ መጥሪያው ለተሰናበተው ሰው መሄዱን ይቀጥላል። ተተኪ ጠበቃ ሳይዙ በቀጠሮ ዋዜማ ማሰናበት ግን አደገኛ ነው።

እርስዎ የሰጧቸው ዋና ዋና ሰነዶች የእርስዎ ናቸው። «ቀሪ ክፍያ ካልተከፈለኝ ፋይሉን አልሰጥም» የሚለው ጉዳይ እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቦታ ጠበቃው በመያዣነት እንዲይዘው ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ ቦታ የደንበኛው መብት የሚጎዳ ከሆነ አይፈቀድም። ፋይሉን ሲረከቡ የተቀበሉትን ወረቀት በዝርዝር ጽፈው ይፈራረሙ፤ በኋላ «እሱን ሰነድ እኔ አላየሁትም» እንዳይባል።

አቤቱታውን የሚያየው ማነው? የሙያ ባልደረቦቹ ከሆኑ ይሸፍኑለት የለም?

ጥርጣሬው የሁሉም ነው፤ መሠረት የለውም ብዬም አልከራከርም። በ1990 በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሖች ሦስት ዓይነት አካል ያስቀምጣሉ፦ ሙያው ራሱ ያቋቋመው ገለልተኛ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ በሕግ የተቋቋመ ነፃ ባለሥልጣን፣ ወይም ፍርድ ቤት። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ውሳኔው በነፃ ፍርድ ቤት ሊታይ ይገባል ይላሉ። መርሖቹ ለጠበቃውም ያስባሉ፤ አቤቱታው በፍጥነትና በአግባቡ እንዲታይ፣ ተከሳሹ ጠበቃም በመረጠው ጠበቃ ታግዞ እንዲሰማ። ይህ ለደንበኛ ግድ የማይሰጠው ይመስላል፤ ግን የባለሥልጣንን ዓይን የሚያቀላ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ በዲሲፕሊን ስም ከሥራ ቢባረር የሚጎዳው እሱ የቆመለት ሰው ነው።

አገሮች የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። ሕንድ በ1961 ባወጣችው የጠበቆች ሕግ ሥልጣኑን ለየግዛቱ የጠበቆች ምክር ቤት ሰጥታ ይግባኙን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታደርሰዋለች። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው ቃል በአብዛኛው የየግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ሥራውን ከፋፍላዋለች፤ የሶሊሲተሮችን (ደንበኛን በቀጥታ የሚያማክሩና ጉዳዩን የሚይዙ ጠበቆችን) ጥፋት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ይመረምራል፣ ከበድ ያለውን ልዩ ትሪቡናል ይዳኘዋል፣ የአገልግሎት ጉድለትን ግን በ2010 ሥራ የጀመረው የሕግ አገልግሎት እንባ ጠባቂ ያየዋል። ይህ ክፍፍል ለደንበኛ የተሻለ ይመስለኛል፤ «ፈቃዱን ንጠቁት» የሚለው ሰው እና «ሥራዬ አልተሠራም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚለው ሰው አንድ ወረፋ ላይ አይቆሙም።

አቤቱታውን እንዴት ልጻፈው?

በቀን ቅደም ተከተል። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ብዙ አቤቱታ የሚጀምረው በስሜት ነው፦ «ይህ ሰው ሕይወቴን አበላሸው፣ ከተቃራኒ ወገን ጋር ተመሳጥሮ…» መርማሪው ግን የሚፈልገው ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ምን ሊሠራ እንደተስማማ፣ ምን ያህል እንደተከፈለው፣ የትኛው ቀን ምን መሆን እንደነበረበትና ምን እንደሆነ ነው። «ተመሳጥሮ» የሚለው ቃል በተለይ ያለ ማስረጃ አይግባ። ቸልተኝነትን ማስረዳት በአንጻሩ ቀላል ነው፤ የመዝገቡ ግልባጭ ራሱ ይናገራል። መመሳጠርን ማስረዳት ከባድ ነው፤ አቤቱታው በእሱ ላይ ከቆመ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

እንዲህ ቢጻፍ መርማሪው አንብቦ ይረዳዋል፦ «መጋቢት 3 ውል ተፈራርመን ሙሉ ክፍያ ከፈልኩ። ሚያዝያ 10 የክሱን መልስ እንዲያስገባ ቀጠሮ ነበር፤ አላስገባም። ከሚያዝያ 12 እስከ ግንቦት 20 አራት መልእክት ላክሁ፤ አልተመለሰልኝም። ግንቦት 25 ጉዳዩ በሌለሁበት እንደታየ ከሬጅስትራር ሰማሁ።» አራት መስመር ነው። ከሥሩ ውሉ፣ ደረሰኙ፣ መልእክቶቹና ትእዛዙ ይያያዛሉ። ዋናዎቹን በእጅዎ አስቀርተው ቅጂ ያስገቡ፤ አቤቱታው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥርም ይያዙ።

ውል በጽሑፍ ካልነበረስ? ክፍያ የተላለፈበት የባንክ ወረቀት፣ ውክልናው፣ ጠበቃው በስምዎ የፈረመበት አንድ ማመልከቻ፣ እነዚህ ግንኙነቱን ያሳያሉ። የሌለው ነገር ላይ ከመጨነቅ ያለውን መሰብሰብ ይሻላል።

በአንዳንድ ሥርዓት መጀመሪያ ለጠበቃው ራሱ ቅሬታ ማቅረብ ግዴታ ነው። የእንግሊዙ እንባ ጠባቂ ለምሳሌ ጠበቃው መልስ እንዲሰጥ በመደበኛው 8 ሳምንት ይጠብቃል።

«ክሱን አስገብቻለሁ» ሲለኝ ከርሞ ጨርሶ እንዳልተከፈተ ደረስኩበት። ይህስ?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ቸልተኝነት መሆኑ ይቀርና እምነት ማጉደል ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ ውሸቱ አብዛኛውን ጊዜ ከስርቆት አይጀምርም። ጠበቃው ክሱን በሚቀጥለው ሳምንት አስገባለሁ ብሎ ያስባል፤ ደንበኛው ሲደውል «ገብቷል» ይለዋል፤ ከዚያ የሌለ ቀጠሮ ይፈጥራል፤ ቀጠሮው ሲደርስ «ዳኛው አልተሟሉም» ይላል። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ዓመት ይሞላል። አንዳንዱ የመዝገብ ቁጥር እስከ መፈልሰፍ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ ማስመሰል ደርሶ ያኔ በወንጀልም ይጠየቃል።

በዲሲፕሊን ረገድ የተረሳ ቀጠሮ በማስጠንቀቂያ ሊያልፍ ሲችል፣ የተሸፈነ ቀጠሮ ፈቃድ ያሳጣል። ጠበቃው ከባድ ስሕተት ሲሠራ ራሱ ለደንበኛው መናገር አለበት፤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2018 ባወጣው አስተያየት ይህን በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ «ገብቷል» የተባለበት መልእክት ካለዎት አይሰርዙት። የመዝገብ ቁጥሩንም ከመጀመሪያው ይጠይቁ፤ ቁጥር የሌለው ክስ የለም።

ቅጣቱ ምን ድረስ ይሄዳል?

ስሙ ቢለያይም ደረጃው ተቀራራቢ ነው፦ በግል የሚሰጥ ማሳሰቢያ፣ በይፋ የሚሰጥ ተግሣጽ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ መታገድ፣ ከጠበቆች መዝገብ መሰረዝ። የገንዘብ መቀጮ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም በሌላ ጠበቃ ክትትል ሥር መሥራትም ሊታዘዝ ይችላል።

የትኛው ለየትኛው ጥፋት ይገባል ለሚለው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1986 ያወጣው የቅጣት መለኪያ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። የተጣሰው ግዴታ፣ ጠበቃው በምን ሐሳብ እንዳደረገው፣ የደረሰው ጉዳት፣ ከዚያም ማክበጃና ማቅለያ ምክንያቶች ይመዘናሉ። በትጋት ጉድለት ረገድ፣ ቢሮውን ጥሎ ጠፍቶ በደንበኛው ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ይሰረዛል፤ እያወቀ ሥራውን ያልሠራ ይታገዳል፤ ባለማስተዋል የዘገየ ይገሠጻል፤ ጉዳት ካልደረሰ ወይም ኢምንት ከሆነ ማሳሰቢያ ይበቃዋል። እነዚህ መነሻዎች ናቸው እንጂ ቀመር አይደሉም። ከዚህ በፊት ተቀጥቶ ያልተማረ ሰው ይከብድበታል፤ ለዲሲፕሊን መርማሪውም መልስ ሳይሰጥ የቀረ ደግሞ ራሱን በራሱ ያስቀጣል። ይህ የሚገርም ቢመስልም ተደጋግሞ የሚታይ ነው፤ ለደንበኛው ያልመለሰ ሰው ለመርማሪውም አይመልስም።

ገንዘቤንና የከሰርኩትን ያስመልስልኛል?

ያልተሠራበትን ቅድመ ክፍያ መመለስ የጠበቃው የሥነ ምግባር ግዴታ ስለሆነ ይህ በዲሲፕሊኑ ሂደት ሊታዘዝ ይችላል። የእንግሊዙ እንባ ጠባቂም እስከ 50,000 ፓውንድ የሚደርስ ካሣ ማዘዝ ይችላል። ያጡት ቤት፣ ያለፈው ውርስ ወይም የጠፋው የጉዳት ካሣ ግን በአብዛኛው የሚጠየቀው በጠበቃው ላይ በሚመሠረት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

ያ ክስ ከሚመስለው ይከብዳል። ጠበቃው ማጥፋቱን ማስረዳት ብቻ አይበቃም፤ ባያጠፋ ኖሮ ያሸንፉ እንደነበርም ማሳየት አለብዎት። ክስ ውስጥ ሌላ ክስ ማለት ነው። ገና ከመነሻው ተስፋ ያልነበረው ጉዳይ ይርጋው ስላለፈ የሚያስከፍለው ጉዳት የለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህን አለዝበውታል። ባሏ በ1945 በኤሌክትሪክ አደጋ የሞተባት ሴት ጠበቆቿ መክሰሻ ጊዜውን አሳለፉባት። ክሱ ቢቀርብ ታሸንፍ ነበር ወይ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ያጣችው ዕድል ራሱ ዋጋ አለው ብሎ ልታገኝ ከምትችለው 3,000 ፓውንድ ውስጥ 2,000ውን ፈረደላት።

ጠበቃው ገንዘብዎን ይዞ ከተሰወረ ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። ኒውዚላንድ በ1929 የጀመረችው ዓይነት፣ ጠበቆች ራሳቸው የሚያዋጡበት የደንበኞች ካሣ ፈንድ በብዙ አገር አለ። የሚከፍለው ግን በዋናነት ለማጭበርበርና ለገንዘብ ማጉደል ነው፤ ለስንፍና አይከፍልም።

የፍትሐ ብሔር ክሱ የራሱ ይርጋ አለው። የዲሲፕሊን ውሳኔ እስኪመጣ እየጠበቁ እሱን ማሳለፍ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

እኔም ክፍያ አላጠናቀቅኩም። እሱን ምክንያት አድርጎ ቢያቆምስ?

ጠበቃ ክፍያ ካልተፈጸመለት ጉዳዩን መልቀቅ ይችላል። ዝም ብሎ መቅረት ግን አይችልም። አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ጉዳዩ ችሎት ላይ ከሆነ ማስፈቀድ፣ ተተኪ የሚፈለግበት ጊዜ መስጠት አለበት። እስኪለቅ ድረስ ጠበቃዎ ነው፤ ቀጠሮው የእሱ ነው።

መንግሥት በነፃ ያቆመልኝ ጠበቃ ነው። መብቴ ያንሳል?

አያንስም። ትጋት ከክፍያ ጋር የተያያዘ ግዴታ አይደለም። በደል ከተፈጸመብዎት በዚያው መንገድ ያመልክቱ፤ በተጨማሪም ለመደበው ተቋም ወይም ለችሎቱ መናገር ቶሎ ለውጥ ያመጣል።

ጠበቃው ታሞ ነበር። ልተወው?

የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ግን ሕመም የዲሲፕሊን አካሉ በቁም ነገር የሚያየው ነገር መሆኑን ይወቁ። በ2016 ወደ 13,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ጠበቆችን የጠየቀ ጥናት 28 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት፣ ከአምስት አንዱ ደግሞ ችግር ያለበት የመጠጥ ልማድ እንዳላቸው አሳይቷል። ዓመታት በትጋት ሠርቶ በአንድ ወቅት ድንገት ሁሉንም መዝገብ የተወ ጠበቃ ሲገጥምዎ ከኋላው ሐዘን፣ ፍቺ ወይም ጠርሙስ ሊኖር ይችላል። ይህ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ከቅጣት ይልቅም በሕክምናና በክትትል እንዲሠራ ሊያደርገው ይችላል። የጠፋውን ቀጠሮ ግን አይመልስም። አቤቱታው ለእሱም መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አንድ ሰው እስኪናገር ድረስ ሌሎች ደንበኞቹም ሳያውቁት ቀጠሮ እያለፋቸው ነው።

«አቤቱታህን አንሣ፣ ገንዘብህን ልመልስ» አለኝ። ልስማማ?

ገንዘብዎን ይቀበሉ፤ የእርስዎ ነው። አቤቱታውን በማንሣት የሚደረግ ስምምነት ግን በብዙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ጠበቃው ይህን መጠየቁ ራሱ አዲስ ጥፋት ሊሆንበት ይችላል። ሂደቱም የእርስዎና የእሱ የግል ክርክር ስላልሆነ፣ እርስዎ ቢተዉት እንኳ አካሉ በራሱ ሊቀጥልበት ይችላል።

ምስጢሬ አይወጣም? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

ጠበቃው ራሱን ለመከላከል አስፈላጊ የሆነውን ያህል ብቻ ስለ ጉዳይዎ መናገር ይፈቀድለታል፤ ለመበቀል ብሎ የማይገናኝ ነገር ቢያወጣ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ምርመራው ብዙ ቦታ ክስ እስኪቀርብ ድረስ በምስጢር ይያዛል።

ጊዜውን በተመለከተ ትዕግሥት ይኑርዎት። የሕንድ ሕግ የግዛቱ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወስን፣ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ አገር አቀፉ ምክር ቤት እንዲተላለፍ ያዝዛል። የማስረጃ መመዘኛውም ሂደቱን ያከብደዋል፤ በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር የጠነከረ፣ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይፈለጋል። የእንግሊዙ ትሪቡናል ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ከወንጀል መመዘኛ ወርዶ በፍትሐ ብሔሩ ይሠራል።

አቤቱታዬ ውድቅ ተደረገ። አበቃ?

ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «ክርክሩ የክፍያ ነው» ወይም «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ከተባሉ ወደዚያው ይሂዱ፤ ጠበቃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። «ማስረጃ አልተሟላም» ከሆነ የጎደለውን አሟልተው እንደገና እንዲታይ መጠየቂያ ጊዜ አለ ወይ ብለው ያረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፣ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተጻፈበት ወይም ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ነው። ፖስታውን አይጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ሊያስፈልግዎ ይችላል።